አስታማሚውን ማን ያስታምመው?

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ወላጆች ልጆቻቸውን ስለሚያሳድጉበት ሥርዓት ነው። ዛሬ ግን ነገሩን ገልብጠን፥ ልጅ እናቱን ወይም አባቱን እንደ ሕፃን ደግፎ ስለሚያነሣበት፥ አጉርሶ ስለሚያበላበት፥ ሌሊቱንም በአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ስለሚያነጋበት ጊዜ ልንጽፍ ወደድን። ይህ ጊዜ ሳይጠራ የሚመጣ ነው፤ በማናቸውም ትምህርት ቤት አስቀድሞ የሚያስተምረው የለም።

ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት ይህ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት፥ የእሑድ ቅዳሴ ከተፈጸመ በኋላ፥ ከብዙ ዓመት በፊት ያስተማርናት አንዲት ሴት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ቆማ ጠበቀችን። ፊቷ ከስቶ፥ ዓይኗም ጎድጉዶ ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችን፤ «ጋሼ፥ እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች አሥራ አራት ወር ሆናት። ካለ እኔ ሰው የላትም። ትናንት ሌሊት ስታቃስት ሰምቼ፥ ‹ጌታዬ ሆይ፥ ምነው ዛሬ በወሰድሃት› ብዬ ለመንሁ። ከነጋ ጀምሮ እጄ ይንቀጠቀጣል። እናቴን በልቤ ገደልኋት ማለት ነውን?»

ወዲያው አልመለስንላትም። ያንኑ ጥያቄ እኛም በአንድ ወቅት ለማንም ሳንናገር ተሸክመነው ስለ ነበረ፥ አፋችን ተያዘ።

ከስድስት ዓመት በፊት በእናታችን ጉበት ላይ ክፉ ደዌ ተገኘ። ሐኪሞቹም ተመካክረው፥ በቀዶ ጥገናም ሆነ በመድኃኒት የሚነቀል አለመሆኑን አስረዱን፤ እኛም ወደ ቤታችን ይዘናት ተመለስን። እኅታችን በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ስለ ነበረ ገንዘብ ትልክ ነበር እንጂ መምጣት አልቻለችም። በቤቱም ከእኛ በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሰባት ወር ያህል፥ ቀን ስናስተምር እንውላለን፤ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነበርና በየዕረፍቱ ሰዓት ወደ ቤት እንሮጣለን፤ ማታ ገላዋን እናጥባለን፥ ልብሷን እንለውጣለን፤ ሌሊትም በየሰዓቱ እንነሣለን። እናት በወንድ ልጅዋ እጅ ገላዋን መታጠብ ታፍራለች፤ ልጅም ያፍራል። እኛ ዓይናችንን ወደ ግድግዳው እያዞርን፥ እርሷም ነጠላዋን በፊቷ ላይ እየጣለች፥ ሁለታችንም ሳንነጋገር ሥራውን እንፈጽም ነበር።

አንድ ሌሊት ለስምንተኛ ጊዜ ጠራችን። ውኃ አምጡልኝ አለች፤ ስናቀርብላት ግን መለሰችው። በዚያን ጊዜ ክንዷን ከሚገባው በላይ ጠበቅ አድርገን ይዘን፥ «እንግዲህ ምን ላድርግ!» ብለን ጮኽንባት። እርሷም ክንዷን አልሳበችም። «ይቅር በለኝ ልጄ፥ አስቸገርሁህ» አለች። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ድረስ ከጆሮአችን አልወጣም።

ጎሕ ሲቀድ ከደጃችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስናለቅስ፥ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ባልቴት ወደ ኪዳን ጸሎት ሲሄዱ አገኙን። የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ስማ ልጄ፤ አንተ የወደቅህ እንደ ሆነ እኛ የምናስታምመው ሁለት ሕመምተኛ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የረቡዕና የዓርብ ሌሊት የእኔ ነው» አሉን። «ኧረ አይሆንም፥ እርስዎን አላስቸግርም» ልንል አፋችንን ስንከፍት፥ «ፈቃድህን አልጠየቅሁህም» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። በዚያች ረቡዕ ሌሊት ሰባት ሰዓት ያህል ተኛን። ሐሙስ ጠዋት እናታችንን ስናነሣት እጃችን ወደ ቀድሞ ልስላሴው ተመልሶ አገኘነው። ጠፍቶብን የነበረው እንቅልፋችን እንጂ ፍቅራችን አልነበረም።

እንግዲህ ለዚያች ሴት የመለስንላት፥ ለእናንተም የምንነግራችሁ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። የሥቃይን ፍጻሜ መመኘትና የሰውን ሞት መመኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በድካም ብዛት ሁለቱ በአንድ ቃል ይወጣሉ እንጂ ከአንድ ምንጭ አይቀዱም። ነቢዩ ኤልያስ እንኳ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር በወደቀ ጊዜ ነፍሱ እንድትወሰድ ለምኖ ነበር። እግዚአብሔር በዚያን ጊዜ ምን አደረገለት? አልገሠጸውም። አስቀድሞ አስተኛው፤ ከዚያም መልአኩን ልኮ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ዳግመኛም አስተኝቶ፥ ዳግመኛም አበላው። መንገዱን ያመለከተው ከዚህ በኋላ ነው። የደከመ ሰው ከምክር በፊት እንቅልፍና እህል እንደሚያስፈልገው ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ብዙ ደጋግ ልጆች ግን፥ «ወላጄን ብቻዬን ካላስታመምሁ ትእዛዙን ፈጸምሁ አልባልም» ብለው ያስባሉ። መጽሐፈ ሲራክ በሦስተኛው ምዕራፉ ልጅ አባቱን በእርጅናው እንዲረዳው፥ አእምሮው ቢደክም እንኳ እንዲታገሠው ያዝዛል፤ ብቻህን አድርገው የሚል ቃል ግን በውስጡ የለም። ሙሴ ከዐማሌቅ ጋር ጦርነት በነበረ ጊዜ እጆቹ ዝለው ሳለ፥ አሮንና ሖር አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ሆነው ደገፉለት። አማቱ ዮቶርም ሕዝቡን ሁሉ ብቻውን ሲዳኝ ባየው ጊዜ፥ ይህ ነገር አንተንም ሕዝቡንም ያደክማል ሲል መከረው። ከሁሉም በላይ ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጥቷል። እናትን ለታመነ ሰው አደራ መስጠት እናትን መተው ቢሆን ኖሮ፥ እርሱ ባላደረገው ነበር።

የዘመኑም ሊቃውንት ይህን ድካም መርምረው ከቁም ነገር አግብተውታል። በአሜሪካ አገር ናንሲ ሜስና ፒተር ራቢንስ የተባሉ ሁለት ጸሐፊዎች፥ አእምሮው እየደከመ የሚሄድ ዘመድ ላላቸው ቤተ ሰቦች በ1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አንድ መጽሐፍ ባወጡ ጊዜ፥ ስሙን «የ36 ሰዓት ቀን» ብለው ሰየሙት። አስታማሚ የሆነ ሰው ስሙን ብቻ ሰምቶ ነገሩ ይገባዋል። በለንደን ከተማም አስቀድማ ነርስ፥ ኋላም ሐኪም የሆነችው ሲስሊ ሳንደርስ በ1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ቅዱስ ክሪስቶፈር የተባለውን የማስታመሚያ ቤት ከፈተች። የማይድን ሕመምተኛ ሥቃይ የሥጋ ብቻ ሳይሆን የልብም፥ የቤተ ሰብም፥ የመንፈስም መሆኑን አስተማረች። ከእርሷም ወዲህ በተስፋፋው የማስታገስ ሕክምና፥ ሐኪሙ የሚጠይቀው የተኛውን ብቻ ሳይሆን በአልጋው አጠገብ የተቀመጠውንም ጭምር ነው። በሀገራችንም በአዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት የማይድን ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየተመላለሰ የመርዳትን ሥራ ጀምሯል።

ድካም ከልክ ማለፉ በምን ይታወቃል? ለመተኛት ጊዜ ተገኝቶ እንቅልፍ እንቢ ሲል፤ በትንሽ ነገር ቍጣ ሲነድ፤ ያለ ምክንያት እንባ ሲመጣ፤ መድኃኒቱን ሰጥቼአለሁ ወይስ አልሰጠሁም እየተባለ ሲረሳ፤ ምግብ ሲጠላ፤ ጸሎትም ከአፍ ሲጠፋ፤ ከሁሉም ይልቅ እጅ በሕመምተኛው ላይ ሲከብድ ነው። ከእነዚህ ሁለት ሦስቱን በራሱ ላይ ያየ ሰው ነገ ሳይል ዛሬ ለአንድ ሰው ይንገር። ራሱን ወይም ሕመምተኛውን ለመጉዳት አሳብ የመጣበት ግን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ለዘመድም ይንገር፤ ብቻውንም አይደር። ይህ ሕመም ነው፤ ሕመምም ይታከማል።

አሁን ስለ ሥራው እንናገር። የአስታማሚ ጉልበት የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያሳየው ስላጣ ነውና።

አንደኛ፤ አነሣሥ። የተኛን ሰው በክንዱ ይዞ መጎተት ቆዳውን ይልጠዋል፤ የአስታማሚውንም ወገብ ይሰብራል። አንሶላ በአራት አጥፎ ከትከሻው እስከ ጭኑ ድረስ ከሥሩ ማንጠፍ፥ ከዚያም ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ሆኖ አንሶላውን ይዞ መሳብ ይገባል። ራሱን ችሎ መገላበጥ የማይችለውን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥ፥ ተረከዙን፥ ዳሌውንና የወገቡን ታች አጥንት በየዕለቱ መመልከት ያስፈልጋል፤ አልጋ የሚያቈስለው በነዚህ ቦታዎች ነውና። የቀላ ቦታ ከታየ በዚያ ጎን አለማስተኛት እንጂ ማሸት አይገባም።

ሁለተኛ፤ ምግብ። በአልጋ ጥላ ሥር ያለው ትልቁ ጠብ ስለ ምግብ ነው። «አንድ ጉርሻ ብቻ፥ ስለ እመቤቴ» እያልን እናስጨንቃለን። ሰውነት ወደ ፍጻሜው ሲቀርብ ግን ምግብን መጠየቅ ይተዋል፤ ሰውየው እየሞተ ያለው ባለመብላቱ ሳይሆን፥ መብላቱን የተወው ሰውነቱ እየደከመ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ ሲፈልግ ጥቂት በጥቂት መስጠት፥ ሳይፈልግ አለማስገደድ ይገባል። መዋጥ ያቃተውን በግድ ብናጠጣው ውኃው ወደ ሳንባው ይገባል። በዚያን ጊዜ በንጹሕ ጥጥ ወይም ጨርቅ ከንፈሩንና አፉን ማርጠብ ከብርጭቆ ውኃ የበለጠ ያሳርፈዋል። እናታችን ያንን ሌሊት ውኃውን የመለሰችው ልታስቸግረን አልነበረም፤ መዋጥ አቅቷት ነበር። ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ሦስተኛ፤ ሥቃይ። ወላጅ ሲያቃስት ሰምቶ ከመቀመጥ የበለጠ ልብን የሚያደክም የለም። ለጽኑ ሥቃይ ሐኪም ሞርፊን ያዘዘ እንደ ሆነ ብዙዎች ሱስ ይሆናል፥ ዕድሜ ያሳጥራል ብለው ይፈሩታል። በሐኪም መጠን የተሰጠ ሞርፊን ግን ሥቃይን ያስታግሣል እንጂ ሰውን አይገድልም። ሥቃዩ እስኪነሣ ሳይጠብቁ ሐኪሙ በወሰነው ሰዓት መስጠት ይገባል። ሆድን ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝ መጠየቅ አይርሳ። የሰጡትንም ሰዓት በትንሽ ደብተር ላይ መጻፍ ይገባል፤ ደብተሩም ለሚተካን ሰው መምህር ይሆነዋል። በአካባቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንም፥ «ቤቴ መጥታችሁ አሳዩኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አራተኛ፤ ጠያቂ። የታመመን መጠየቅ ጌታችን ለራሱ እንደ ተደረገ የሚቈጥረው ደግ ሥራ ነው። ሆኖም በብዙ ቤት ስናየው፥ ጠያቂው ይቀመጣል፤ ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረችው ልጅ ደግሞ ለጠያቂው ቡና ታፈላለች። ይህ የተገለበጠ ነገር ነው። ጠያቂ ሆይ፤ ስትሄድ «እግዜር ይማርዎ» ብለህ ብቻ አትመለስ። አንተ ቡናውን አፍላ፤ ወይም ውኃ ቅዳ፤ ወይም የቆሸሸውን አንሶላ ወስደህ አጥበህ መልስ፤ ወይም «እኔ እዚህ ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ፤ አንቺ ሄደሽ ተኚ» በል። አስታማሚ ሆይ፤ አንቺም «ምን ላግዝሽ?» ስትባዪ «ምንም፥ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አትበዪ። ሥራውን በስሙ ጥሪ፤ «ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተቀመጪልኝ» በዪ። ሰው ሊረዳ ይወዳል፤ በምን እንደሚረዳ ግን ካልተነገረው አያውቅም። በውጭ አገር ያሉ ወንድሞችና እኅቶችም ገንዘብ መላካቸው ትልቅ ነገር ነው፤ በስልክ ግን «እንዲህ አድርጊ፥ ወደዚያ ውሰጃት» እያሉ ከማዘዛቸው በፊት፥ «አንቺስ እንዴት አደርሽ?» ቢሉ፥ ከሚልኩትም ገንዘብ ለሌሊት ተራዳ የሚሆን ቢለዩ የበለጠ ይረዳሉ።

አምስተኛ፤ የነፍስ ነገር። አስታማሚ ብዙ ጊዜ ቅዳሴ ቀረብኝ፥ ጾሜንም እንደ ሚገባ አልጾምሁም ብሎ ያዝናል። ይህን በራሱ አይፍረድ፤ ለንስሐ አባቱ ይንገር። ደካማውን በድካሙ መጠን ማስተናገድ የእርሳቸው ሥልጣንና አገልግሎት ነው። አባታችንም ወደ ቤት መጥተው ጠበል ሲረጩ፥ ጸሎተ ቀንዲልም ሲደረግ፥ ጸሎቱ ለተኛው ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሁሉ ነው። በቍጣ የወጣንም ቃል በዚያው ጊዜ መናዘዝ ይገባል። እኛ ክንዷን ጨብጠን የጮኽንባትን ሌሊት ለንስሐ አባታችን ስንነግር፥ «እርሷን ይቅርታ ጠይቀሃታልን?» ብለው ጠየቁን። አልጠየቅናትም ነበር። በዚያው ማታ ከአልጋዋ አጠገብ ተንበርክከን ጠየቅናት። እርሷም እጅዋን በራሳችን ላይ አኑራ፥ «እኔ አንተን ሳሳድግ ስንት ጊዜ ጮኼብህ የለምን?» ብላ ፈገግ አለች። ወላጆቻችሁ ቃል ሳይጠፋባቸው ይቅርታን ተለዋወጡ፤ ኋላ ብዙ ሸክም ያቀልላል።

አሁን ደግሞ ለዕድር ዳኞች አንድ ቃል አለን። ዕድራችን የሀገራችን ክብር ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚው ይደረደራል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ጎረቤትም ሐዘንተኛውን ብቻውን ላለመተው አብሮት ያድራል። ነገር ግን ያ ሐዘንተኛ ከሞቱ በፊት በነበሩት ስድስት ወራት ሌሊቱን ብቻውን አድሮ ነበር። ከቀብር በኋላ ሦስት ሌሊት ለማደር የተዘጋጀ ጎረቤት፥ ከሞት በፊት በሳምንት አንድ ሌሊት ለማደር ቢወስን ምን ይከብደዋል? ዕድሩ በየወሩ ሲሰበሰብ፥ «በሰፈራችን አልጋ ላይ የዋለ ሰው ያለበት ቤት የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ሰባት ሰዎችንም ለሰባቱ ሌሊት ቢጽፍ፥ ተጨማሪ ገንዘብ አያስፈልገውም። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያሉት ለሠርግና ለቀብር ብቻ አይደለም።

ስለ መጨረሻው ሰዓት ደግሞ የማያውቅ ሰው እንዳይደነግጥ ጥቂት እንበል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሕመምተኛው አብዛኛውን ሰዓት ይተኛል፤ እጁና እግሩ ይቀዘቅዛል፤ ትንፋሹ ለጥቂት ጊዜ ይቆምና እንደ ገና ይጀምራል፤ በጉሮሮውም ድምፅ ይሰማል። ይህ ድምፅ ለሚሰማው ያስጨንቃል እንጂ፥ ራሱን ያልሳተ ሰው እንደሚሠቃይ እርሱ አይሠቃይበትም ይላሉ ሐኪሞች። ወደ ጎን ማስተኛት ድምፁን ይቀንሰዋል። ባይመልስም ይሰማ ይሆናልና በአጠገቡ ክፉ አትናገሩ፤ ስሙን ጥሩት፥ አመስግኑት፥ መዝሙረ ዳዊት ድገሙለት። አንዳንድ ሰው ደግሞ ልጁ ለአፍታ ውኃ ሊቀዳ በወጣበት ጊዜ ነፍሱ ትወጣለች። ይህ የደረሰበት ልጅ «ትቼው ወጣሁ» ብሎ ራሱን አይውቀስ። ሰባት ወር አብሮ የነበረ ሰው በአንዲት ደቂቃ አልነበረም አይባልም።

ከቀብሩም በኋላ ከሐዘን ጋር ዕረፍት የሚመስል ስሜት ይመጣል። ሌሊት ማንም አይጠራም፤ አስታማሚው ግን በየሰዓቱ ይነቃል፤ እጁ ሥራ ፈትቶ ያስጨንቀዋል፤ «ለካ ደስ ብሎኛል» ብሎም ራሱን ይፈራል። አይፍራ። ሸክም ሲወርድ ትከሻ ይቀልላል፤ ይህ የሥጋ ሕግ ነው፤ ፍቅርን አይሽርም። ጎረቤትም ድንኳኑ ሲነቀል አስታማሚውን አይርሳው፤ እስከ አርባው ቀንና ከዚያም በኋላ ደጁን ያንኳኳ።

ያችን ሴት በዚያው እሑድ ወደ ቤቷ ሸኘናት። በመንገድም፥ እናታችንን ያስታመሙልን ባልቴት ከጥቂት ዓመት በፊት ማረፋቸውን፥ ሲታመሙም የረቡዕና የዓርብ ሌሊት የእኛ እንደ ነበረ ነገርናት። ከደጅዋ ስንደርስ እናቷ ከውስጥ ጠሩ። እርሷ ልትገባ ስትል፥ «ዛሬ እኛ እንገባለን፤ አንቺ ተኚ» አልናት። ጥቂት አመነታች፤ ከዚያም የመድኃኒቱን ደብተር ሰጥታን በጓዳ ባለው መደብ ላይ ጋደም አለች። ነጠላዋን ሳትገልጥ እንቅልፍ ወሰዳት።

አንባቢ ሆይ፤ በሰፈርህ እንዲህ ያለ ደጅ አለ። ይህን ጽሑፍ አጥፈህ ሳታስቀምጥ፥ የትኛው ቤት እንደ ሆነ አስብ፤ የትኛውም ሌሊት የአንተ እንደሚሆን ቍረጥ።

እግዚአብሔር ለተኙት ዕረፍትን፥ ለሚያስታምሙትም ብርታትን ይስጥልን፤ አሜን።